ካይ ስኩዌሩ 64,500 ሲወጣ፦ በኢዲኤችኤስ 2016 ዳታ ላይ የገጠመን ጉዳይ

ዳራው

ይሄን ጉዳይ ጽፌ ላስቀምጠው ያልኩት እዚሁ ቦታ ላይ የሚሰናከል ተማሪ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። ባለጉዳዩ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ ስሙንም የሚማርበትንም ቦታ አልናገርም። ወረዳ ላይ ዓመታት የሠራ ጤና መኮንን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ እየተማረ የፐብሊክ ሄልዝ ማስተርሱን ሊጨርስ የቀረው ቴሲሱ ብቻ ነበር። ርዕሱ የቤተሰብ ምጣኔ አጠቃቀም ነው፣ ራሱ ዳታ ለመሰብሰብ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ኢዲኤችኤስ 2016ን መረጠ።

ዳታውን ለማታውቁት፣ ኢዲኤችኤስ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። የ2016ቱ በኛ አቆጣጠር ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የተሠራው ነው። መነሻ ዝርዝሩ የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፣ ከዛ ዝርዝር ላይ 645 የቆጠራ ቦታ ወጣ፣ 202 ከተማ 443 ገጠር፣ ከየቦታው 28 ቤት ተመረጠ፣ በመጨረሻ 16,650 ቤተሰብ እና ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቁን ጨረሱ። እኔ ይሄን ዳታ በጣም ነው የማከብረው፣ ፀሐይና ጭቃ ሳይሉ ቤት ለቤት የሄዱ ልጆች ልፋት ነው፣ በነፃ ተፈቅዶልን ስንጠቀምበት አወሳሰዱን አውቀን መጠቀም ያለብን ይመስለኛል።

የተጠየቀው ነገር

ፕሮፖዛሉን ሲያቀርብ ከገምጋሚዎቹ አንዱ "ሳምፕሉ (ናሙናው) የአገሪቱን ሕዝብ እንደሚወክል በስታቲስቲክስ አሳይ" አሉት። ጥያቄው ክፋት የለውም፣ ለራሱ ዳታ ለሰበሰበ ተማሪ እንደውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጁ ቤት ገብቶ የባዮስታቲስቲክስ ኖቱን አገላበጠ፣ ከሚያውቀው ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ካይ ስኩዌር ጉድነስ ኦፍ ፊት ሆኖ አገኘው።

ቴስቱ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ። በየምድቡ በሳምፕል ያገኘኸው ቁጥር አለ፣ ኦብዘርቭድ የምንለው። ሐሳብህ ልክ ቢሆን ኖሮ መገኘት የነበረበት ቁጥር ደግሞ አለ፣ ኤክስፔክትድ። ልዩነታቸውን በራሱ ታባዛና በኤክስፔክትዱ ታካፍላለህ፣ የሁሉንም ምድብ ትደምራለህ፣ በቃ። ድምሩ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱ በእጣ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ከሆነ እጣ ብቻውን አያመጣውም ትላለህ። ለ11 ክልልና የከተማ አስተዳደር ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ (ከምድቦቹ ብዛት አንድ ሲቀነስ) 10 ነው፣ በ5 በመቶ ደረጃ መስመሩ፣ ማለትም ከሱ በላይ ከሆነ እጣ ብቻ አይደለም የምንልበት ቁጥር፣ 18.307 ላይ ነው።

እንግዲህ ልጁ ምን አደረገ፣ የ15,683ቱን ሴቶች ክልል ቆጠረ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ላይ ክልሎቹ ከአገሪቱ ሕዝብ ስንት ስንት በመቶ እንደነበሩ ወስዶ ኤክስፔክትድ አደረገው፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስኬደው። የወጣው ወደ 64,500 ነው። መስመሩ 18 ላይ ሆኖ 64,500። ማታ ወደ አምስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ስክሪንሹቱን ላከልኝና "ጋሼ ይሄ ዳታ ኢትዮጵያን አይወክልም ማለት ነው? ቴሲሱን ልቀይር እንዴ?" አለኝ። ማስገቢያው ሁለት ወር ነበር የቀረው። ድንጋጤው ይገባኛል፣ ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ አውትፑት የለም።

መጀመሪያ ያደረግነው፦ በእጅ መቁጠር

ሶፍትዌሩን ዝጋው አልኩት። ቁጥሮቹን ኤክሴል ላይ አውጥተን አንድ በአንድ አየናቸው። እናንተም እንድታሰሉት ሦስቱንም ዓምድ እዚህ አስቀምጣለሁ፣ መጀመሪያ በጥሬው የተጠየቁት ሴቶች፣ ቀጥሎ በቆጠራው ድርሻ ቢሆን ይጠበቅ የነበረው፣ ሦስተኛው በዌይት የተስተካከለው ቁጥር (ስለሱ ወደታች እመጣለሁ)።

ትግራይ፦ 1,682፣ 919፣ 1,129
አፋር፦ 1,128፣ 296፣ 128
አማራ፦ 1,719፣ 3,667፣ 3,714
ኦሮሚያ፦ 1,892፣ 5,748፣ 5,701
ሶማሌ፦ 1,391፣ 947፣ 459
ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፦ 1,126፣ 167፣ 160
ደቡብ (በዛን ጊዜ አጠራሩ)፦ 1,849፣ 3,179፣ 3,288
ጋምቤላ፦ 1,035፣ 65፣ 44
ሐረሪ፦ 906፣ 39፣ 38
አዲስ አበባ፦ 1,824፣ 583፣ 930
ድሬዳዋ፦ 1,131፣ 73፣ 90

ቁጥሩን እንዲህ ዘርግቶ ማየት ብቻውን ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሐረሪን እዩ፣ 39 ሴት ይጠበቅ ነበር 906 ተገኘ፣ ከሐረሪ ብቻ የመጣው ካይ ስኩዌር 19,000 ያልፋል። ድሬዳዋ 15,000 ምናምን፣ ጋምቤላ 14,000 ምናምን። የሦስቱ ድምር ከጠቅላላው ሦስት አራተኛው ነው፣ ሦስቱ ቦታዎች ግን በቆጠራው ከአገሪቱ ሕዝብ 1.1 በመቶ ቢሆኑ ነው። በሌላ በኩል ኦሮሚያ ከሚጠበቀው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው የተገኘው።

እኔ ያልኩት እንዲህ ነው። ሐረር ላይ 906 ሴት በእጣ ተገኘች? አልተገኘችም። የጥናቱ አዘጋጆች ቁጭ ብለው ወስነው ነው። ሳምፕሉ በሕዝብ ብዛት ልክ ቢከፋፈል ኖሮ ሐረሪ 39 ሴት ነበር የሚደርሳት፣ በ39 ሴት ደግሞ የሐረሪን የወሊድ መከላከያ አጠቃቀም መናገር አይቻልም። የጥናቱ ዓላማ ለእያንዳንዱ ክልል ቁጥር ማውጣት ስለሆነ ትንንሾቹ ክልሎች ሆን ተብሎ ብዙ ሳምፕል ተሰጣቸው፣ ትልልቆቹ ከድርሻቸው ያነሰ። የየክልሉ የቆጠራ ቦታ ብዛት አንድም ሴት ሳትጠየቅ በፊት በወረቀት ላይ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው።

ካይ ስኩዌር ደግሞ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይሄ ልዩነት በእጣ ሊመጣ ይችላል ወይ የሚለውን። እጣ በሌለበት ቦታ ይሄን መጠየቅ ምንም ትርጉም የለውም። 64,500 የሚነግረን አዘጋጆቹ ሳምፕሉን በሕዝብ ብዛት እንዳላከፋፈሉት ነው፣ እሱን ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ራሳቸው ጽፈውታል። ልጁ ይሄን ሲሰማ በጣም ቀለለው፣ እኔ ግን ሪፖርቱን የሳምፕሊንግ ክፍሉን ሳያነብ ዳታውን እንደከፈተ ስለገባኝ አነበብን፣ አብረን፣ ከመጀመሪያው። ሁለት ሰዓት ወሰደብን፣ ከሠራነው ሁሉ በጣም የጠቀመው እሱ ይመስለኛል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ዌይት

ሳምፕሉ ሆን ተብሎ ከተዛባ ማስተካከያውም አብሮ ይሰጣል። የሴቶቹ ፋይል ላይ ቪ005 የሚባል ቫርያብል አለ፣ የእያንዳንዷ ሴት ክብደት ነው። ከላይ ካለው ሠንጠረዥ ማስላት ትችላላችሁ፣ ኦሮሚያ ላይ የተጠየቀች አንዲት ሴት በአማካይ እንደ 3 ሴት ትቆጠራለች፣ ሐረሪ ላይ ያለችው ደግሞ እንደ 0.04። ልዩነቱ ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚ ዌይት ሳያደርጉ የአገር አቀፍ ፐርሰንት ማውጣት ሐረሪንና ጋምቤላን ኢትዮጵያ ብሎ መጥራት ማለት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት ሠርተን ነበር። ቪ005 በፋይሉ ላይ የተቀመጠው በሚሊዮን ተባዝቶ ነው፣ ለ1,000,000 ማካፈል ያስፈልጋል፣ ልጁ ሳያካፍል ዌይት ኬዝስ (ኤስፒኤስኤስ ላይ ክብደት የሚሰጥበት ትዕዛዝ) ውስጥ ከተተው። ኤስፒኤስኤስ የሴቶቹን ብዛት 15.7 ቢሊዮን አደረገው። ካይ ስኩዌር ደግሞ ከሳምፕል ብዛት ጋር እኩል የሚያድግ ቁጥር ስለሆነ እሱም ሚሊዮን እጥፍ ሆነ። ጠቅላላ ብዛቱን ሁሌ እዩ የምለው ለዚህ ነው፣ ከ15,683 በእጅጉ የተለየ ነገር ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ካካፈልን በኋላ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያሉት ቁጥሮች ወጡ። ከቆጠራው ድርሻ ጋር ስናወዳድራቸው ካይ ስኩዌሩ ከ64,500 ወደ 617 ወረደ። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ሐረሪ፣ ቤኒሻንጉል ከሚጠበቀው ጋር ተገናኙ ማለት ይቻላል። ግን 617ም ከ18.307 ጋር ሲታይ ሩቅ ነው፣ ፒ ቫልዩው (እንዲህ ያለ ልዩነት በእጣ ብቻ የመምጣት ዕድሉ) አሁንም ዜሮ። ልጁ እንደገና ደነገጠ።

617ቱ ከየት መጣ

እንደገና በየምድቡ በተንነው። ሶማሌ 251፣ አዲስ አበባ 206፣ አፋር 95፣ ትግራይ 48። አራቱ ብቻ ከጠቅላላው 97 በመቶ ናቸው። ችግሩ ሁሉም ቦታ ተበትኖ ቢሆን ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር፣ አራት ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ግን የተለየ ምክንያት አለው።

ምክንያቱ ያወዳደርነው የማይወዳደር ነገር ስለሆነ ነው። ኦብዘርቭዱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው በ2008 ዓ.ም። ኤክስፔክትዱ ደግሞ ወንድ ሴት ሕፃን ሽማግሌ ሁሉም ሰው ነው በ1999 ዓ.ም። ቆጠራው ላይ ሶማሌ ክልል 2,472,490 ወንድ እና 1,972,729 ሴት ነው የተመዘገበው፣ አፋር 775,117 ወንድ እና 615,156 ሴት። አዲስ አበባ ተቃራኒው ነው፣ 1,305,387 ወንድ 1,434,164 ሴት፣ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ለሥራና ለትምህርት የገቡ ወጣቶች ናቸው፣ ሕፃናት ከሌላው ክልል አንፃር ያንሳሉ። ስለዚ ሶማሌና አፋር ከጠቅላላ ሕዝብ ድርሻቸው ያነሰ፣ አዲስ አበባ የበለጠ የመውለጃ ዕድሜ ሴት መያዛቸው የሚጠበቅ ነው። ልዩነቱ የሄደውም በዚሁ አቅጣጫ ነው። የሴቶቹን ድርሻ ብቻ ወስደን ኤክስፔክትዱን ስናስተካክል ሶማሌ ከ947 ወደ 847 ገደማ ወረደ፣ አዲስ አበባ ከ583 ወደ 616 ወጣ፣ ተቀራረበ እንጂ አልገጠመም።

የቀረውን ምን ያህሉን ዕድሜ፣ ምን ያህሉን ዘጠኝ ዓመቱ እንዳመጣው ለይቼ አልናገርም። ቆጠራው ራሱ እንኳን በአንድ ቀን የተካሄደ አይደለም፣ አብዛኛው አገር ግንቦት 1999 ሲቆጠር አፋርና ሶማሌ ኅዳር 2000 ላይ ነው የተቆጠሩት። በዛ ላይ ዌይቱ የሚሰላው ቦታዎቹ ከተመረጡበት ዕድል ነው፣ ዕድሉ ደግሞ የመጣው ከዚሁ ከ1999ኙ ቆጠራ ዝርዝር ነው። የዌይት ውጤቱን መልሶ ከቆጠራው ጋር ማመሳከር በከፊል ቆጠራውን ስለራሱ መጠየቅ ነው። በየተመረጠው ቦታ ቤቶቹ እንደ አዲስ ስለተመዘገቡ ሙሉ በሙሉ ክብ አይሆንም፣ ግን ገለልተኛ ምስክር ነው ማለትም አይቻልም።

የፐርሰንቱ ወጥመድ

ይሄን ስናወራ በነበረበት ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛው "ቁጥሩን ትተህ ፐርሰንቱን አስገባው" ብሎ መከረው። አስገባው፣ ካይ ስኩዌሩ 3.9 ወጣ። ፒ ቫልዩው 0.95 ገደማ። "ጋሼ ገጠመ! ይወክላል!" ብሎ ደወለልኝ። ደስታውን ማጥፋት ከበደኝ ግን ዝም ማለት አይቻልም።

የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ፐርሰንት ስታስገቡ ሶፍትዌሩ ጠቅላላ 100 ሰው ብቻ የጠየቃችሁ ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ፐርሰንቶች ሲደመሩ 100 ናቸው። 617ን ለ156.83 አካፍሉት፣ 3.9 ነው። የተቀየረ ዳታ የለም፣ የ15,683 ሴት ጥናት የ100 ሴት ጥናት መስሎ ቀረበ እንጂ። 100 ሰው ይዞ ደግሞ እንዲህ ያለ ልዩነት ማየት ስለሚከብድ ብዙ ነገር "ይገጥማል"። ይሄኛው ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው የፈለገውን መልስ ነው የሚሰጠው፣ የፈለግነውን መልስ ስናገኝ ደግሞ መመርመር እናቆማለን። ከአንድ ዳታ 64,500፣ 617 እና 3.9 አወጣን።

የሳምፕል ብዛት ነገር ከተነሳ ሌላኛውንም ጫፍ አሳየሁት። በ1999ኙ ቆጠራ 37,217,130 ወንድና 36,533,802 ሴት ተመዝግቧል፣ ወንዱ 50.5 በመቶ ነው። ግማሽ በግማሽ ነው ወይ ብለህ ካይ ስኩዌር ብትሠራ 6,331 ይወጣል፣ ምድቡ ሁለት ብቻ ስለሆነ መስመሩ 3.841 ነው። ግን ይሄ ሳምፕል አይደለም፣ ሁሉም ሰው ተቆጥሯል፣ በእጣ የመጣ ነገር የለም። ልዩነቱ ራሱ ምን ያህል ነው ካልክ የካይ ስኩዌሩን በጠቅላላው አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፣ 0.009 ነው፣ ኢምንት። ያንኑ ለኛ 617 ስንሠራ 0.2 ገደማ መጣ፣ ለጥሬው 64,500 ደግሞ 2 አለፈ። ይሄ ቁጥር ከሳምፕል ብዛት ጋር ስለማያብጥ ከፒ ቫልዩ ይልቅ እሱ ብዙ ይናገራል፣ ቴሲስ ላይ ለምን እንደማይጻፍ አይገባኝም።

ወደ ትክክለኛው ጥያቄ፦ ዕድሜ

ክልልን ከተውን በኋላ ጥያቄውን ቀየርነው። አዘጋጆቹ አስቀድመው ያልወሰኑት፣ ሜዳ ላይ የመጣ ነገር ምን አለ? ዕድሜ። ለሱ ቴሲስም የሚጠቅመው እሱ ነው ምክንያቱም የቤተሰብ ምጣኔ በዕድሜ ይለያያል። በዌይት የተስተካከለው የሴቶቹ ዕድሜ እንዲህ ነው፣ ከ15–19 3,381፣ ከ20–24 2,762፣ ከ25–29 2,957፣ ከ30–34 2,345፣ ከ35–39 1,932፣ ከ40–44 1,290፣ ከ45–49 1,017።

አንድ ቦታ ላይ ዓይናችሁ መቆም አለበት። እንደኛ ወጣት በበዛበትና ሕዝቡ በሚያድግበት አገር ዕድሜ ወደ ላይ ሲሄድ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ግን 25–29 ከ20–24 በልጧል። ገጠር ላይ መጠይቅ ሞልቶ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የልደት ወረቀት የለም፣ እናት ዕድሜዋን ስትጠየቅ "ሃያ አምስት ይሆነኛል" "ሠላሳ ጻፈው" ትላለች፣ 0 እና 5 ላይ ይከመራል። 23 ወይም 24 የሆነችው 25 ስትባል ከታችኛው ምድብ ወጥታ ላይኛው ትገባለች። ልጁ ራሱ ወረዳ ላይ ሲሠራ በዚህ መንገድ ዕድሜ እንደሞላ ነገረኝ፣ እኔም በወጣትነቴ ሞልቻለሁ።

ሁለቱን ምድብ ብቻ ወሰድን። እኩል ቢሆኑ ኖሮ ብለን (ይሄ ለዳታው የሚያደላ ሐሳብ ነው፣ በትክክል ቢሆን 20–24 መብለጥ ነበረበት) 5,719ን ለሁለት ከፈልን፣ 2,859.5 እያንዳንዳቸው። ካይ ስኩዌሩ 6.65 ወጣ፣ መስመሩ 3.841፣ ስለዚ እኩል አይደሉም ልንል ነው።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ትምህርት ያለው። ተራው ካይ ስኩዌር 5,719 ሴቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻ በእጣ የወጡ አድርጎ ነው የሚያስበው። አይደሉም። አንደኛ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ከክልል ክልል ያለውን የዌይት ልዩነት ብቻ ይዘን ስናሰላው የጠቅላላው ሳምፕል ዲዛይን ኢፌክት 2.07 መጣ፣ ማለትም 15,683 ሴት የምትሰጠው መረጃ በቀላል እጣ የወጡ ወደ 7,570 ሴቶች የሚሰጡትን ያህል ነው። ሁለተኛ ከአንድ ሰፈር 28 ቤት ነው የሚወሰደው፣ የአንድ ሰፈር ሰዎች ይመሳሰላሉ፣ መጠይቁንም የሚሞላው ያው አንድ ቡድን ነው፣ አንድ ጠያቂ 25 ላይ የመጻፍ ልማድ ካለው ሰፈሩ በሙሉ 25 ይሆናል። እሱ ሲጨመር ኢፌክቱ ከ2.07ም ሊበልጥ ይችላል።

6.65ን ለ2.07 አካፍሉት። 3.21። ከመስመሩ በታች ወረደ። በተራው ቴስት "ልዩነት አለ" ያልነው ነገር ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ ስናስገባ "በዚህ ብቻ መናገር አንችልም" ሆነ። ይሄ ማካፈል ሻካራ ግምት ነው፣ አቅጣጫውን ለማየት እንጂ ቴሲስ ላይ የሚጻፍ አይደለም። በደንብ የተሠራው መንገድ ራኦ እና ስኮት የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ በ1981 እና በ1984 ያወጡት ማስተካከያ ነው፣ ክላስተሩን (አብረው የተመረጡትን የአንድ ሰፈር ቤቶች)፣ ስትራተሙን (አስቀድሞ የተከፋፈለበትን ምድብ)፣ ዌይቱን ሦስቱንም ይዞ ያሰላል። ስታታ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ሰርቬይ ሴቲንግ (ሳምፕሉ እንዴት እንደተወሰደ የሚገልጸውን) ከሰጣችሁት ለሁለት ቫርያብል ሠንጠረዥ በራሱ ይሠራዋል። ለአንድ ቫርያብል ጉድነስ ኦፍ ፊት ግን አር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ያለው ሰርቬይ ፓኬጅ ይሻላል፣ ለዚሁ የተሠራ ፋንክሽን አለው። ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ዌይት ኬዝስ ብቻ ማብራት ክብደቱን እንጂ ክላስተሩን አያውቅም፣ ብዙ ሰው ዌይት ካደረገ የጨረሰ ይመስለዋል።

ልዩነቱ አልታየም ማለት ደግሞ ዕድሜው በትክክል ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ሁለት ሰፊ ምድብ ይዞ የ25 ክምር ማየት ከባድ ነው። ክምሩን የሚያሳየው ነጠላ ዕድሜን፣ 24፣ 25፣ 26 እያሉ፣ የመጨረሻውን አሃዝ ማየት ነው፣ እሱንም ከ20 እስከ 49 ያሉትን ሠላሳ ዓመታት ወስዶ ሁሉም አሃዝ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲገባ ማድረግ። እዛም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ዕድሜ ሲጨምር ሰው ስለሚቀንስ 0 ላይ የሚያልቁት ከ9ኞቹ በተፈጥሮ ትንሽ ይበልጣሉ፣ ኤክስፔክትዱን ዝም ብሎ 10 በመቶ ማድረግ አይሆንም፣ ማየርስ ኢንዴክስ የሚባለው የዕድሜ ክምር መለኪያ የተሠራው ይሄንኑ ለማስተካከል ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው በእጅ መበተኑ ነው፣ አጠቃላይ ካይ ስኩዌሩን ትቶ የየምድቡን አስተዋጽኦ ማየት። ሐረሪንም ሶማሌንም ያሳየን እሱ ነው። ሪፖርቱን ማንበቡም እንደዛው። ቴሲሱ ላይ "ሳምፕሉ እንደሚወክል በካይ ስኩዌር ተረጋግጧል" የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይገባ ቀረ፣ በሱ ፈንታ ሳምፕሉ እንዴት እንደተወሰደ፣ ለምን ትንንሽ ክልሎች እንደበዙ፣ ዌይቱ ምን እንደሚያደርግ ሁለት አንቀጽ ተጻፈ፣ ትንተናው በሙሉ ክላስተሩን፣ ስትራተሙንና ዌይቱን ይዞ እንደገና ተሠራ።

ያልሠራው ደግሞ አለ። ገምጋሚው የፈለጉት አንድ ቁጥርና አንድ ፒ ቫልዩ ነበር፣ እሱን ልንሰጣቸው አልቻልንም፣ ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፣ በመጨረሻ አድቫይዘሩ ገብተው ነው የተቀበሉት። የነጠላ ዕድሜውንም ቴስት ጊዜ ስላጠረን አልጨረስነውም፣ ዕድሜ በግምት ሊመዘገብ እንደሚችል ከጥናቱ ድክመቶች ጋር ጽፎ አለፈው። እኔ ቢሠራ ደስ ይለኝ ነበር።

ለሌላ ሰው የሚሆን

ጉድነስ ኦፍ ፊት ከመሥራታችሁ በፊት ኦብዘርቭዱን ማን ወሰነው በሉ። ክልል፣ ከተማና ገጠር፣ በአንዳንድ ጥናት ፆታም አስቀድሞ የተወሰነ ኮታ ነው፣ እዛ ላይ ቴስቱ የሚጠይቀው ነገር የለም። ያልተወሰነ ነገር ላይ ብቻ ሥሩት።

ኤክስፔክትዱ ስለነማን ነው የሚያወራው? ዕድሜው፣ ፆታው፣ ዓመቱ፣ የክልሉ ወሰን ከናንተ ሳምፕል ጋር አንድ መሆን አለበት። ደቡብ ክልል ዛሬ በ2008 እንደነበረው አይደለም፣ ሲዳማም ሌሎቹም ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆነዋል፣ የድሮ ዳታ ከአዲስ ቁጥር ጋር ስታገጥሙ ይሄን አስቡ። ቆጠራ ራሱም ስህተት ያለበት መለኪያ ነው፣ ካልገጠመ ሁሌ ጥፋተኛው ሳምፕሉ ነው አትበሉ።

ቁጥር አስገቡ፣ ፐርሰንት አታስገቡ፣ ዌይት ካደረጋችሁ በኋላ ጠቅላላው ከተጠየቁት ሰዎች ብዛት ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ኤክስፔክትዱ ከ5 በታች የሆነ ምድብ ካለ ከጎረቤቱ ጋር ቀላቅሉት። ክላስተር ያለው ጥናት ከሆነ፣ አገራችን ውስጥ የሚሠሩት ትልልቆቹ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ክላስተር ያላቸው ናቸው፣ የተራውን ካይ ስኩዌር ፒ ቫልዩ አትመኑ፣ በተለይ መስመሩ አካባቢ ከወጣ፣ የኛ 6.65 እንደሆነው።

ዳታውን ስትጽፉ ደግሞ ካይ ስኩዌሩን ብቻ አታስቀምጡ፣ የየምድቡን ኦብዘርቭድና ኤክስፔክትድ አብራችሁ አስቀምጡ፣ አንባቢው ራሱ ያሰላው። ልጁ ቴሲሱ መጨረሻ ላይ አባሪ አድርጎ ያስገባው ከላይ ያስቀመጥኩትን የ11 መስመር ሠንጠረዥ ነው፣ ከሱ በኋላ የመጡ ሁለት ተማሪዎችም ከዛው ላይ ተነስተው የራሳቸውን ሠርተዋል።